ያልተጻፈውን ማንበብ፦ ፓይተን፣ ኤዲተሮቹና የይፋት ስሞች

«አለ» የሚለውን ቃል በገጽ ላይ ያገኘ አንባቢ፣ «ተናገረ» ማለት ይሁን «ይገኛል» ማለት ከፊደሉ አይረዳውም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ ስለማይጽፍ፣ አንባቢው በግራና በቀኝ ያሉትን ቃላት አይቶ ይፈርዳል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዓይነትን ከአገባብ ማወቅ የሚሉት ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሮጀር ሂንድሊ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የኤዲንብራው ሮቢን ሚልነር ደግሞ በ1978 ባወጧቸው ጥናቶች፣ ጸሐፊው «ይህ ቁጥር ነው፤ ያ ጽሑፍ ነው» ብሎ ሳይናገር መሣሪያው በራሱ ሊደርስበት እንደሚችል አሳዩ። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ያወጣው ፓይተን ግን በሌላ መንገድ ሄደ፤ በእርሱ ዘንድ አንድ ስም በአንዱ መስመር ቁጥር፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የፓይተን ኤዲተር በአብዛኛው ይገምታል እንጂ አያረጋግጥም። «ከተማ» ለተባለ ስም «ደብረ ሲና» የሚል ጽሑፍ ሰጥተን፣ ቆይተን ከስሙ ቀጥሎ ነጥብ ብናኖር፣ ኤዲተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሰጠውን ያይና ለጽሑፍ የሚስማሙትን ትእዛዞች ይደረድርልናል። የስሙ ምንጭ ካልታወቀው ግን የሚለው የለውም። ፓይተን በ2015 ዓይነትን በጽሑፍ ማመልከትን፣ ለዚያውም በውዴታ፣ የተቀበለው በከፊል ስለዚህ ነው።

ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ስሞቹ ራሳቸው ናቸው። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገባ፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ስሞችን በዚሁ ፊደል መጻፍን ፈቀደ። እንግዲህ ከደብረ ሲና በላይ፣ ዋሻው ያለበት በር፣ በአንዱ ጽሑፍ «ጣርማበር»፣ በሌላው «ጠርማበር» ነው። ከግርጌው ያለው ቆላም «ይፋት» ወይም «ኢፋት» ይባላል። ሰው አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ ለፓይተን ግን ሁለት ናቸው። የዝናብ መጠን የሚመዘግብ ሰው ላይኛው መስመር ላይ «ሸዋሮቢት» ብሎ፣ ታች አዲሱን ቁጥር ለ«ሸዋ_ሮቢት» ቢሰጥ፣ ፓይተን ሳይቃወም ሌላ ስም ይከፍታል፤ የቀድሞው ቁጥር እንደነበረ ይቀርና ድምሩ ይሳሳታል። የ«ሥራ»ና የ«ስራ» ነገርም እንደዚሁ ነው።

ስምን የሚያሟላው ኤዲተር ከዚህ ያድናል፤ «ሸዋ» ብለን ስንጀምር ቀድሞ የተጻፈውን ያቀርብልናል። ነገር ግን የሚፈልገው በጀመርንበት ፊደል ነውና፣ በ«ኢ» ለጀመረ ሰው «ይፋት»ን አያሳየውም። በየትኛው ፊደል እንደሚጀመር አብረው የሚሠሩት ሰዎች አስቀድመው መስማማት አለባቸው።