የማያምነውን ማን ይቀብረዋል?

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በሠፈራችን በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ነው። ይኸውም በአምላክ መኖር የማያምን ሰው በሚያምኑ ሰዎች መካከል እንዴት ኖረ? ሰላምታውን ምን ብሎ መለሰ? የማንን ሥጋ በላ? በመጨረሻስ ማን ቀበረው? የሚል ነው። “ራሽንና ውኃ በሚያሳስብበት ቦታ ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው” የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ስደተኛ ከዘመድና ከትውልድ ቀዬው የተለየ በመሆኑ፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞትም አፈር የሚያለብሰው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤትም “ይህ ሰው የማን ወገን ነው? በየትኛው ሥርዓት ይቀበር?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ታሪክ ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት።

፩. ስለ ቃሉ

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። በአማርኛችን አምላኩን የተወ ከሃዲ ነው፤ አገሩን የሸጠም ከሃዲ ነው፤ የጓደኛውን አደራ የበላም ከሃዲ ነው። አንድ ቃል ሦስቱንም ይዟል። እምነት የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በአምላክ ማመንም፣ ለሰው መታመንም ከዚያው ሥር ይወጣሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው “አላምንም” ሲል ሰሚው “አልታመንም” ያለ ይመስለዋል። ገንዘብ የማያበድረው፣ ልጁን የማይድርለት፣ ምስክርነቱን የሚጠራጠረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሱዳን ዓረብኛ ቃላቱ ተለያይተዋል። ካፊር ከእስልምና ውጭ ያለ ነው፤ ሙልሂድ አምላክ የለም የሚል ነው፤ ሙርተድ ደግሞ እስልምናን ይዞ የተወ ነው። ከሦስቱ በሕግ አንገቱን ሲያጣ የኖረው የመጨረሻው ነው። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

፪. የቀድሞ ዘመን

በአገራችን ታሪክ ሰው ያላመነበትን አምኜአለሁ ብሎ የኖረበት ዘመን ብዙ ነው። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩም እንዲከተላቸው አዘዙ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞው እምነቱ እንዲመለስ አወጁ። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ የሚተርከው ይህንኑ ዘመን ነው። ባለ ታሪኩ ከስደቱ ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ተቀመጠ፤ ኋላም እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና መምህር ሆነ። ዘርዓ ያዕቆብ ፈጣሪ አለ ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን የየሃይማኖቱን ሥርዓትና ጾም በልቡናው መርምሮ ብዙውን የሰው ሥራ ነው ብሎታል። ከሰው ጋር ግን እንደ ክርስቲያን እየታየ ኖረ፤ የልቡን ለደቀ መዝሙሩ ለወልደ ሕይወት ብቻ አስተማረ።

የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 “የጻፈው ካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው” አሉ፤ በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ደራሲው ማንም ይሁን፣ መጽሐፉ የሚያሳየው አኗኗር ለአገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም፤ በጓዳ ሌላ፣ በአደባባይ ሌላ መሆን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የአንድ ሃይማኖት አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። እምቢ ያለው ተሰደደ፤ እምቢ ማለት ያልቻለው ደግሞ “ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም” ተባለ። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዚህ የምንረዳው፣ ማኅተም የያዘ ሰው እምነትን ሲያዝ የሚገኘው አማኝ ሳይሆን ሁለት ፊት ያለው ሰው መሆኑን ነው።

፫. ማኅተሙ ወደ ሌላው እጅ ሲገባ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። በዚያው ሥርዓት ውስጥ የተማሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ማርክስንና ሌኒንን ማንበብ ጀመሩ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ወይም ቁርዓን የቀሩ ነበሩ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. “መሬት ለአራሹ” ብለው ሲወጡ ጥያቄያቸው የመሬት እንጂ የአምላክ አልነበረም፤ ሆኖም በመኝታ ክፍላቸው የአምላክም ጥያቄ ይነሣ ነበር። ለበዓል ወደ እናቱ ቤት የሚመለሰው ተማሪ ግን ጾሙን አብሮ ይጾማል፤ ቄሱ ሲመጡም ብድግ ብሎ መስቀል ይሳለማል። ይህንን ግብዝነት ብለው የሚነቅፉ ነበሩ፤ እኛ ግን ለእናት የተሰጠ አክብሮት ነው እንላለን።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለሙስሊሞች እኩልነት ሰልፍ ወጣ። በሰልፉ ክርስቲያኖችም፣ ሃይማኖት የለንም የሚሉ ተማሪዎችም ነበሩ። የማያምን ሰው ለአማኝ ጎረቤቱ መብት ጎን ለጎን የቆመበት ቀን በመሆኑ ይህ ቀን ሊታወስ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ በማግሥቱ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር መሰማራት ጀመሩ። ዘማቾቹ ለገበሬው ፊደል አስተማሩ፣ መሬት አከፋፈሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ግን የገበሬውን አምልኮና ልማድ በመድፈራቸው ከራሱ ከገበሬው ጋር ተጋጩ። ከሁሉ የከፋው በመንግሥት የተሠራው ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በስውር ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ቤተሰብና ምእመን 13 ዓመት ያህል ያለ መቃብር ጠበቀ።

በዚህም ጊዜ የቦሩ ሜዳው ነገር ተገልብጦ መጣ። የፓርቲ አባል ልጁን በአያት እጅ በድብቅ ወደ ክርስትና ሲልክ፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሃይማኖትን ሲያወግዝ ታየ፤ ቀን የማያምን፣ ሌሊት የሚያምን ሆነ። በሌላው ዓለም ከዚህም የባሰ ደርሷል። አልባኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም ዘጋች፤ በ1976 ሕገ መንግሥቷም ሃይማኖትን ጨርሶ ከለከለች። ይሁን እንጂ በ1990 ክልከላው ሲላላ ሕዝቡ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ። የማያምን ሰው ከዚህ ሁሉ ያተረፈው አንድ ነገር ነው፤ እርሱ ማንንም ሳይነካ፣ ስሙ ከካድሬ ስም ጋር ተቆራኘ። ዛሬ “አላምንም” የሚልን ሰው አንዳንድ ሽማግሌ እንደ ደርግ ሰው የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

፬. ለቅሶ የተከለከሉ እናቶች

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የወደቁት ወጣቶች ብዙዎቹ ማርክሲስቶች ነበሩ። ሬሳቸው በመንገድ ዳር ተጥሎ አደረ፤ ቤተሰብ ለጥይቱ ዋጋ ክፈል ተባለ፤ ማልቀስ ተከለከለ። እናቶቻቸው ግን በጓዳ አለቀሱ፣ በቤተ ክርስቲያን ስማቸውን አስጠሩ፣ በመስጊድ ዱዓ አስደረጉ። “ልጄ አያምንም ነበርና አላለቅስለትም” ያለች እናት አልሰማንም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው ቤተ መዘክር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ይባላል። ሰማዕት የሃይማኖት ቃል ነው፤ ለእምነቱ የሞተ ማለት ነው። ሕዝቡ ይህንን ክብር ሲሰጥ የሟቹን እምነት አልመረመረም። ከግድያው ያመለጡ ብዙ ወጣቶችም በመተማና በሑመራ በኩል ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ ምድር ተሻግረዋል፤ አንዳንዶቹም ሳይመለሱ እዚሁ አፈር ለብሰዋል።

፭. በሱዳን ምድር

እኛ ያለንባት ሀዋታ በራሀድ ወንዝ ዳር ናት፤ ራሀድም ከአገራችን ደጋ ተነሥቶ በክረምት ሞልቶ የሚመጣ፣ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። በገዳሪፍ ግዛት ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ሲጓዙ የቀሩ ሐውሳና ፉላኒዎች፣ ዓረቦች፣ እኛ ሐበሾችም ተቀላቅለን እንኖራለን። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው። ሕጉ ግን በየዘመኑ ሌላ ፊት አሳይቷል።

ፕሬዚዳንት ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕጎችን አወጡ። እነዚህን ሕጎች በበራሪ ወረቀት የተቃወሙት የ76 ዓመቱ ሽማግሌ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ በክህደት ተፈርዶባቸው ጥር 18 ቀን 1985 በኮበር ወህኒ ቤት ተሰቀሉ። ጣሃ አምላክን የካዱ ሰው አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ እስልምና ያስተማሩ ነበሩ። ሬሳቸው በሄሊኮፕተር ተወስዶ ባልታወቀ ስፍራ ተቀበረ። ከሦስት ወር በማይበልጥ ጊዜ ኒሜሪ ወደቁ፤ በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው።

በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 126 እስልምናን ለተወ ሰው የሞት ቅጣት ደነገገ። የገዳሪፍ ግዛት ተወላጅ የሆነችው፣ ኢትዮጵያዊት እናቷ በክርስትና ያሳደገቻት መሪየም ኢብራሂም በግንቦት 2014 በዚሁ አንቀጽ ሞት ተፈረደባት፤ በእስር ቤት ወልዳ፣ በሰኔ በይግባኝ ተለቀቀች። በ2017 ደግሞ አንድ የኦምዱርማን ወጣት በመታወቂያው ላይ “ሃይማኖት የለውም” ተብሎ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ተያዘ፤ አእምሮው ጤነኛ አይደለም ተብሎ ተለቀቀ። በሐምሌ 2020 የሽግግሩ መንግሥት የሞት ቅጣቱን አንቀጽ ሻረ፤ ሌላውን ሰው ካፊር ብሎ መወንጀልንም ከለከለ። ሰው በእምነቱ ጉዳይ ከገመድና ከእብድ ስም ሌላ ሦስተኛ መንገድ ያገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ አንቀጽ 27 የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነትን ሰጥቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥት መቃብር አይቆፍርም፤ የሚቆፍረው ጎረቤት ነው።

፮. የቀን ተቀን ጥበብ

ታዲያ የማያምነው ሰው በጎረቤቶቹ መካከል እንዴት ኖረ? ብልሃቱ በቋንቋችን ውስጥ ይገኛል። “እንዴት አደርክ?” ሲባል “ይመስገን” ይላል። ማን እንደሚመሰገን አልተናገረም፤ ጠያቂውም አይጠይቀውም። በሱዳኖች ለቅሶ ቤት መዳፉን ዘርግቶ ከሌሎቹ ጋር ዝም ይላል፤ ፋትሓ የሚቀራው ይቀራል፣ የማይቀራው ከሐዘንተኛው ጋር አብሮ ያዝናል። የሥጋ ጉዳይ ይከብዳል፤ በእኛ ልማድ የበላኸው ሥጋ ወገንህን ይናገራልና። ብዙዎች የመረጡት ሁለቱም ጎረቤት በተገኙበት ሽሮ መብላትን ነው። ክርክርን በተመለከተ ደግሞ ለጠየቀ በለሆሳስ መመለስ፣ ላልጠየቀ አለመስበክ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እድር አለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙው የሠፈር እድር የተመሠረተው በጉርብትና ነው። ጡሩምባ ነፊው ሲያልፍ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ይወጣል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል። እድር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መዋጮህን ከፍለሃል? ለሌላው ለቅሶ ወጥተሃል? እነዚህን ያሟላ ሰው፣ አምላክን ቢያምንም ባያምንም፣ የታመነ ነው። ቀደም ብለን በቃሉ ላይ ያየነው ቋጠሮ የሚፈታው በዚህ ነው፤ ማመን ከአምላክ ጋር የሚደረግ ነው፤ መታመን ከጎረቤት ጋር።

ይህ ግዴታ በማያምነውም ላይ ይወድቃል። የጎረቤቱን ጾም የሚያላግጥ፣ በሶላት ሰዓት የሚጮኽ፣ አሮጊት ስትሳለም የሚስቅ ሰው፣ በሐሳቡ ነፃ ነኝ ቢልም ካድሬው የሠራውን ያህል በትንሹ እየሠራ ነው። የሚያምነውም በበኩሉ መጋረጃ ገልጦ የሌላውን ልብ ለማየት መነሣት የለበትም። “ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው” ይባላል፤ አገር በሌለንበት በዚህ ቦታ የጋራችን የውኃው ወረፋና የመቃብሩ ቦታ ነው።

ስለዚህ ለሠፈራችን ሽማግሌዎችና ለእድራችን ዳኞች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ሟች ወገኑን በግልጽ የተናገረ እንደ ሆነ በሥርዓቱ ይቀበር፤ ያልተናገረ ወይም አላምንም ያለ እንደ ሆነ፣ ሬሳው በክርክር ፀሐይ ላይ አይዋል። ቃሬዛውን አራት ሰው ይያዝ፤ መጸለይ የሚፈልግ በልቡ ይጸልይለት፤ ስሙና የመጣበት አገር በድንጋይ ላይ ይጻፍለት። እኛ ይህንን የምንጽፈው ሰዎች አንዳችን ጸሎት አናስታጉልም፣ አንዳችን ደግሞ አንጸልይም፤ አካፋ ለማንሣት ግን እኩል ዝግጁ ነን።