ሜታስታሲስ፦ የካንሰር ሰደድ

ውሻው ታሞበት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው «ካንሰር ነው፤ ሳንባው ላይ ተሰራጭቷል» ሲባል፣ «ልጆቼንስ ይይዛቸው ይሆን?» ብሎ ይደነግጣል። ያስደነገጠው ቃሉ ነው። ኮሌራም «ተሰራጨ» ይባላልና።

ሜታስታሲስ ከዚያ የተለየ ነው። የካንሰር ሕዋስ ከተነሳበት ቦታ ተነጥሎ፣ በደም ወይም ሊምፍ በሚባለው የሰውነት ፈሳሽ ተጉዞ፣ በዚያው አካል ሌላ ቦታ ላይ ሲያድግ የሚሰጠው ስም ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ የቦታ ለውጥ ማለት ነው። ለካንሰር ያዋለው ፈረንሳዊው ሐኪም ዦሴፍ ሬካሚዬ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1829 ነው። በአማርኛ «ሰደድ» ብንለው ይስማማል። የሰደድ እሳት ፍንጣሪ መንገድ ተሻግሮ ማዶ ያለውን ሣር እንደሚያቀጣጥል የታወቀ ነው።

በውሻ፣ ከሳንባው ከራሱ የሚነሳ ካንሰር ብርቅ ነው፤ ሲነሳም በአብዛኛው 10 ዓመት ገደማ የሞላቸውን ያጠቃል። ከዚያ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ ወደ ቀሪው ሳንባ፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ሊሰደድ ይችላል። ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን ከጡት፣ ከአጥንት ወይም ከአፍ ተነስቶ ሳንባ ላይ ያረፈ ሰደድ ነው። ከመላ አካል የሚመለሰው ደም በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ስለሚያልፍ፣ ተጓዡ ሕዋስ እዚያ ይያዛል።

ሰደዱ የመነሻውን ስም እንደያዘ ይቆያል። የሽንፋ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ሀዋታ ከተማ ሲደርስ ራሃድ ቢባልም ውሃው ያው ነው። ሳንባ ላይ የተገኘ የጡት ካንሰርም የጡት ካንሰር ነው፤ ሕክምናውም የሚታሰበው በመነሻው ነው።

ሁለት ነገር ከሰደድ ጋር አይምታታ። አንዳንድ ውሻ ሳያስል እግሮቹ አብጠው ያነክሳል፤ ሲነካ ይጮኻል። ደረቱ ውስጥ ያለው ዕጢ በእግሩ አጥንት ላይ አዲስ አጥንት እንዲበቅል አድርጎ ነው እንጂ ካንሰሩ እግሩ ድረስ ሄዶ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ከውሻ ወደ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት ካንሰር ነው። እሱ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ሰውን አይዝም።

አጠቃቀም፦ «ሳንባዋ ላይ ያለው ሰደድ ነው፤ መነሻው ጡቷ ነው።» ሴት ውሻ ያላችሁ አልፎ አልፎ ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳብሱ። ጠጠር የምታህል እብጠት ካገኛችሁ፣ ሳትሰደድ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት።