የማርሽ ምርጫ በቆቦ ሜዳ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ቁልቁለቱን ወርዶ የአላውሃን ወንዝ ሲሻገር የራያ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋለታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቆቦ በምዕራብ በደጋው፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል ተኝታለች። ሆርማት፣ ጎሊናና ጎቡ የተባሉት ወንዞች ከደጋው አሸዋና ጠጠር እየጠረጉ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ማሽላ የሚያበቅለው ጥቁር መሬትም ዝናብ ሲነካው ጎማ ይዞ አይለቅም። ከአላማጣ በስተሰሜን ደግሞ መንገዱ በግራ ካሕሱ እየተጠማዘዘ ወደ ኮረም ሲወጣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። አሸዋ፣ ጭቃ፣ ረዥም ዳገትና ረዥም ቁልቁለት በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የሚገናኙበት አገር ነው። በአራቱም ጎማ ለሚነዳ መኪና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ የሚለው ጥያቄ እዚህ የምቾት ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፤ ዕርዳታና መድኃኒት መድረስ አለመድረሱን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች የአዲስ አበባና የአስመራን መንገድ በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ በኩል ለከባድ መኪና ሲያመቻቹ፣ ከመንገዱ ጋር አዲስ ሙያና አዲስ ቋንቋ ገባ። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። እነዚህን ቃላት ለሚመረምር ሰው አንድ ታሪክ ይገለጥለታል፤ ይኸውም የኢትዮጵያ መካኒክ በመጀመሪያ የፈታውና የገጠመው ካምቢዮ በእጅ የሚቀየር፣ ፍሪሲዮኑም በእግር የሚረገጥ እንደ ነበረ ነው። ዕውቀቱ ከአሠሪ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ልጅ እግር እየተላለፈ በየከተማው ጋራዥ ሥር ሰደደ።

ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ያለው አገር ግን ለተራ መኪና የሚደፈር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1941 በብዛት መመረት የጀመረው የአሜሪካ ጦር ጂፕ ባለ ሦስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ነበረው። ከኋላው የተገጠመው ረዳት ካምቢዮ ኃይልን ለፊት ጎማዎች ያካፍላል፤ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ሁለተኛ ደረጃም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨር ይህንኑ አሠራር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠራውና በኋላ ላንድክሩዘር የተባለው የቶዮታ መኪናም በአራቱም ጎማ የሚነዳ ባለ እጅ ካምቢዮ ነበር። በ1940ዎቹ ማብቂያ በቆቦና በጨርጨር ሜዳ የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ሥራ በተካሄደ ጊዜ፣ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በተቋቋመ ጊዜ፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ የዓለም ዓይን በኮረም ላይ ባረፈ ጊዜ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያው አሸዋና ያው ዳገት ይጠብቀው ነበር።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በዚያን ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ እ.ኤ.አ. በ1939 በኦልድስሞቢል ላይ ለገበያ ቀርቦ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀላል ታንክ አንቀሳቅሷል። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር ኤም 135 በተባለው የጭነት መኪና ላይ አገልግሎቱን አየው፤ ይሁን እንጂ ዘመን ተሻግሮ የጦሩ ዋና ተሸካሚ የሆነው ተወዳዳሪው፣ የእጅ ካምቢዮ ያለው ኤም 35 ነበር። ከመስክ መኪኖች መካከል ጂፕ ዋጎኒር በ1963 ሞዴሉ አውቶማቲክን ለሚፈልግ ገዢ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970 በእጅ ካምቢዮ የወጣው ሬንጅሮቨር ግን አውቶማቲክ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

በሥራው ብቻ ቢመዘን አውቶማቲኩ በሆርማት አሸዋ ላይ ብልጫ አለው። በእጅ ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኃይል ለጥቂት ይቋረጣል፤ በአሸዋ ውስጥ ያ ቅጽበት መኪናውን ለማስቆም ይበቃል። አውቶማቲኩ በሞተሩና በማርሾቹ መካከል የሚሽከረከር ዘይት ስላለው መጎተቱን ሳያቋርጥ ይቀይራል፤ ከቆመበት ሲነሣም ያው ዘይት የሞተሩን ጉልበት ያበዛለታል።

በግራ ካሕሱ ቁልቁለት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በእጅ ካምቢዮ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩና ጎማው በብረት የተያያዙ ስለሆኑ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬንም ሳይግል ይወረዳል። በቀድሞዎቹ አውቶማቲኮች ዘይቱ ስለሚንሸራተት ይህ አያያዝ ይላላል፤ ሸክሙም በፍሬን ላይ ይወድቃል። በዳገቱ ደግሞ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከኃይሉ ወደ አንድ በመቶ ያጣል። ኮረም ሲደርስ ከባሕር ጠረፍ ኃይሉ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። በዚህ ላይ ዘይቱን በማሞቅ የሚባክነው ኃይል ለደካማ ሞተር ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ክርክሩን የቆረጠው ግን አሸዋውም ቁልቁለቱም ብቻ አልነበረም፤ የጥገናው ነገር ነበር። ባትሪው የሞተ የእጅ ካምቢዮ መኪና የመንደር ሰው ገፍቶት ይነሣል፤ አብዛኛው አውቶማቲክ ግን የዘይት ፓምፑ በሞተር ስለሚዞር በመገፋት አይነሣም። ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ በወልድያ ወይም በደሴ ጋራዥ በተራ ቁልፍ ተፈትቶ ይለወጣል። የአውቶማቲኩ ሆድ ግን በጠባብ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ንጹሕ ክፍል፣ የተለየ ዘይትና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። የመስክ መኪና በቆመበት ስፍራ የሚያነሣው ካላገኘ፣ ሲሄድ ያሳየው ብልጫ አይቆጠርለትም። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ያለው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች መኪና ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ዛሬ የክርክሩ መሠረት ተናግቷል። አዲሶቹ አውቶማቲኮች ዘይቱን የሚቆልፍ መያዣ ስላላቸው ኃይል አያባክኑም፤ በቁልቁለትም ሞተሩ ይይዛቸዋል። የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባለ 2.8 ሊትር ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ሆኖ ቀርቧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ ደግሞ፣ ካምቢዮ የማያስፈልገው የኤሌክትሪክ ሞተር ሦስተኛ ተወዳዳሪ ሆኖ መጣ።

የቴክኒኩ ድካም ቢወገድም የጥገናው ጥያቄ ቅርጹን ለውጦ ቀርቷል። ቀድሞ የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅ ነበረ፤ አሁን በእጁ ላይ የመመርመሪያ ኮምፒዩተርና የመለዋወጫ አቅርቦት ተጨምሯል። በቆቦና ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች ፓምፑ ሲቆም ገበሬው ባለሙያ ይጠብቃል፤ ባለሙያውም የሚመጣው በመኪና ነው። ስለዚህ ለቆላ ሥራ መኪና የሚመርጥ መሐንዲስ የጨረታ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ፣ ከሞተሩ ኃይልና ከማርሹ ዓይነት አጠገብ ሌላ ረድፍ ሊጨምር ይገባል፤ ይህ ካምቢዮ ቢቆም በወልድያ የሚፈታው ማን ነው? መልሱ በስምና በአድራሻ ከተሞላ አውቶማቲክ ቢገዛ አያስፈራም፤ ረድፉ ባዶ ከቀረ ግን በእጅ የሚቀየረው ዛሬም ያዋጣል።