ከመርሐቤቴና ከመንዝ እስከ ጃፓን፦ የሁለት ዘጋቢዎች ታሪክ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ማለትም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ወሬ ለረጅም ዘመን የሚጓዘው በእግር ነበር፤ የመንግሥት ትእዛዝ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ሲነገር፣ የሩቅ አገር ነገር ግን በነጋዴ፣ በኢየሩሳሌም ተሳላሚና በቆሎ ተማሪ፣ ማለትም እህል እየለመነ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ በሚማር የቤተ ክህነት ተማሪ አፍ ይደርስ ነበር። የባዕድ አገርን የፋብሪካና የሳይንስ ሥራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በአማርኛ የማስረዳትን ሙያ ካቆሙት ሰዎች መካከል ሁለቱ ዋነኞች ከዚሁ ደጋ መውጣታቸው፣ አንዱ ከመርሐቤቴ ሌላው ከመንዝ፣ ከተሰጠው በላይ ትኩረት የሚገባው ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ ብላቴን ጌታ ለሊቃውንትና ለቤተ መንግሥት አማካሪዎች የሚሰጥ ከፍተኛ ማዕርግ ነው። በ1870 ዓ.ም. ገደማ በመርሐቤቴ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ኅሩይ፣ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ ኋላም ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። እኒህ ሰው መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ከሚጻፍበት ዓለም ወደ ብረት ፊደል ዓለም የተሻገሩ ስለነበሩ፣ መሣሪያ የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚለውጥ ከመጻፋቸው በፊት በገዛ ሙያቸው አይተውታል። በ1903 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የመንግሥት መልእክተኞች ጋር ተጉዘዋል፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በአውሮፓ ያደረጉትን ጉብኝትም «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ አቅርበዋል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የጃፓን ጉዟቸው ነው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ የመልእክተኞች ቡድን መርተው በባሕር ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው፣ ትምህርት ቤቶችንና ፋብሪካዎችንም ጎበኙ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጠው አቡጀዲ የተባለው የፋብሪካ የጥጥ ጨርቅ በብዛት የጃፓን ምርት ነበር፤ በአንጻሩ የመንዝ ሴት የበጓን ጠጉር በእጇ ፈትላ፣ ሸማኔው በእጅ ሸምኖ፣ ከብርድ የሚያስጥለውን ባና የተባለ ወፍራም የሱፍ ልብስ ያወጣ ነበር። ከእንዲህ ያለ አገር ለተነሣ ሰው የጥጥ ኢንዱስትሪ ማዕከል የነበረችውን ኦሳካን ማየት ከሽርሽር ያለፈ ትርጉም ነበረው። ኅሩይ ያዩትን በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉም በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ፤ ለአማርኛ የጉዞ ዘገባ ይህ ታላቅ ክብር ነው።

ጃፓንን አርአያ የማድረጉ ሐሳብ የኅሩይ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሳቸው በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አንሥተውታል፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም፣ የረቀቀው በሌላው የሸዋ ተወላጅ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆን፣ የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ተከትሏል። የኅሩይ ብልጫ በዓይን ማየታቸው ነው። ሆኖም የተማመኑባት አገር አልታመነችላቸውም፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ጃፓን ወረራውን ተቀበለች፣ ኢጣሊያም በምላሹ በ1937 እ.ኤ.አ. ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ኅሩይ በስደት እንዳሉ፣ በእንግሊዟ የባዝ ከተማ፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሁለተኛው ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. በመንዝ ተወለዱ። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መሆናቸው ስለገነነ ጋዜጠኝነታቸው ተረስቷል፤ ነገር ግን ከነጻነት በኋላ በሬዲዮና በጋዜጣ ሥራ አገልግለዋል፣ ይህም ሙያ ውስብስቡን ነገር ላልተማረው ሰው ግልጽ አድርጎ የመናገር ልምድ እንደሰጣቸው የጽሑፋቸው ጥራት ይመሰክራል። በ1941 ዓ.ም. «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»ን፣ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። ኅሩይ «ምን አየሁ» ብለው ሲጽፉ ከበደ ግን «እንዴት ሆነ» ብለው ጠየቁ፤ ጃፓን በሯን ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ዘግታ ከኖረች በኋላ፣ ሜጂ ከተባለው ከ1868 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በአንድ የሰው ዕድሜ የተለወጠችበትን ምክንያት ሲመረምሩ ትልቁን ቦታ ለትምህርት ሰጡ። ይህ ፍርድ ከኅሩይ አድናቆት ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው፤ አድናቆት መሣሪያውን ሲያሳይ፣ ከበደ መሣሪያውን የሚሠራው ሰው ከየት እንደመጣ አሳይተዋልና። ከበደ ሚካኤል በኅዳር 1991 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ ቴክኖሎጂንና የውጭ አገርን ጉዳይ በአማርኛ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሁሉ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ወራሽ ነው። ስለዚህ የመንዝና የመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን የጃፓን መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍታቸው ጎን ለጎን ያኑሯቸው፤ መምህራንም መጀመሪያ የኅሩይን፣ ቀጥሎ የከበደን ያስነብቡ።