ጸሎታችን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ፊተኛው ወንበር?



ከብዙ ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ የአዳራሹ ኪራይ መክፈያ ቀን ደረሰ፤ በእጃችን ግን ግማሹ እንኳ አልነበረም። እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ቆመን ጸለይን። «ጌታ ሆይ፣ የቤትህን ኪራይ አንተ ታውቃለህ፤ ቀኑም ሐሙስ እንደ ሆነ ታውቃለህ» አልን። የጎደለውንም መጠን በቁጥር ጠራን። በፊተኛው ወንበር ላይ እግዚአብሔር በንግዱ የባረከው አንድ ወንድም ተቀምጦ ነበር። ከአምልኮው በኋላ ወደ ቢሮ መጣና የጎደለውን ሞላልን። በሚቀጥለው እሑድ «እግዚአብሔር ጸሎታችንን መለሰ» ብለን መሰከርን፤ ጉባኤውም እልል አለ።

ከጸሎተኞቹ እናቶች አንዲቱ ግን በር ላይ ጠበቁን። ጠጋ ብለውም፣ «ልጆቼ፣ ያ ጸሎት ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ፊተኛው ወንበር?» አሉን። እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። በእግዚአብሔር ስለ መታመን በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምረናል፤ ከመድረክም ደጋግመን ሰብከናል። ፈተናው የሚመጣው ግን በኪራይ ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን ይዘን ወደ አንድ የእምነት አባት ታሪክ እንሄዳለን። ስሙን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ ጆርጅ ሙለር ነው። ስለ እርሱ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ እናወራለን፤ ጸለየ፣ እንጀራም መጣ። በመካከሉ ያለውን ግን እንዘልለዋለን። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊተኛው ወንበር የጀመረ ጉዞ

ሙለር በ1805 በፕሩሲያ፣ በዛሬዋ ጀርመን፣ ተወለደ። አባቱ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፤ ልጁም አባቱ ለመንግሥት ከሰበሰበው ገንዘብ እየሰረቀ አደገ። በ16 ዓመቱ በሆቴል አድሮ ሳይከፍል በመሄዱ ታስሯል። አባቱ ቄስ እንዲሆንለት ፈለገ፤ ምክንያቱ ግን መንፈሳዊ አልነበረም፤ ልጁ የተመቸ ኑሮ እንዲኖረው ነበር። በ1825 በሃሌ ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ሲማር አንድ ጓደኛው በሰው ቤት ወደሚደረግ የጸሎት ስብሰባ ወሰደው። እዚያም አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አየ። የነገረ መለኮት ተማሪ ሆኖ ሳለ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሕይወቱ ተለወጠ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እግዚአብሔር ስለ መታመን እንዲያስተምረን የተጠቀመበት ሰው ገንዘብ የማያጓጓው ሰው አልነበረም። ሲሰርቅ ያደገ ሰው ነው። መታመን የተፈጥሮ ጠባይ ሳይሆን የጸጋ ሥራ ነው።

በ1829 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1830 ቴንማውዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ መጋቢ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ሜሪ ግሮቭስን አገባ። በዚያ ዘመን የመጋቢው ደመወዝ የሚወጣው ከወንበር ኪራይ ነበር። ቤተሰቦች ለሚቀመጡበት ወንበር ይከፍላሉ፤ ጥሩውን ወንበር የሚያገኘው የከፈለው ነው፤ ድሀው የተረፈውን ይይዛል። ሙለር የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2ን ሲያነብ ይህ አሠራር ከበደው። ባለጠጋውን በክብር ስፍራ፣ ድሀውን በእግር መረገጫ አጠገብ ማስቀመጥ በጌታ ቤት አይገባም ብሎ የወንበሩን ኪራይ አስቀረ፤ ከእርሱም ጋር ቋሚ ደመወዙን ተወ። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ሣጥን ተቀመጠ፤ የፈለገ በደስታ ይጨምራል። ስለ ጎደለው ግን ለማንም ላለመናገር ከሚስቱ ጋር ወሰኑ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ የሙለር የእምነት ጉዞ የተጀመረው ከዚያው ከፊተኛው ወንበር ነው።

ያ የደከመ ወንድም

በ1832 ወደ ብሪስቶል ከተማ ተዛወረ። እዚያ ሙት ልጆችን ለማሳደግ የተነሣበትን ምክንያት እርሱ ራሱ ጽፎታል። ለልጆቹ መራራቱ እውነት ነው፤ ዋነኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ምእመናንን ቤት ለቤት ሲጎበኝ በቀን 14፣ አንዳንዴም 16 ሰዓት በእጅ ሙያው የሚሠራ አንድ ወንድም አገኘ። ሰውነቱ ደክሟል፤ ነፍሱም ከስታለች። «ጥቂት ቀንስና ለጸሎትና ለቃሉ ጊዜ ስጥ» ሲለው ወንድም ቤተሰቡን እንዳያስርብ ፈራ። ሌሎች ሲያረጁ መጠጊያ እንዳያጡ ይሰጋሉ፤ ነጋዴዎቹም በሐቀኝነት ብንነግድ እንከስራለን ይላሉ። ሁሉም አማኞች ናቸው፤ ሰማያዊ አባት እንዳላቸውም ያውቃሉ። ሰኞ ጠዋት ግን አባት እንደሌለው ልጅ ይኖራሉ።

ሙለር ለእነዚህ ወገኖች በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሊያሳያቸው ፈለገ። አንድ ድሀ ሰው ለማንም ሳይናገር በጸሎት ብቻ ሙት ልጆችን ቢያሳድግ፣ እግዚአብሔር ዛሬም ታማኝ መሆኑን ያያሉ አለ። ስለዚህ በ1836 በዊልሰን ጎዳና የተከፈተው ያ የልጆች ማሳደጊያ በመጀመሪያ የታሰበው ለዚያ ለደከመ ሠራተኛ ነበር። ሁለት ፈረቃ ለምትሠሩ፣ ሌሊቱን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ስታሰሉ ለምታድሩ፣ ይህ ታሪክ ለእናንተ የተደረገ ነው።

የተረሳው ጸሎት

ከመክፈቱ በፊት ሙለር ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ዕቃና ስለ ሠራተኞች ጸለየ፤ መልስም አገኘ። ልጆች የሚመዘገቡበት ቀን ሲደርስ ግን አንድም አመልካች አልመጣም። ያን ጊዜ ልቡን ሲመረምር ስለ ሁሉም ነገር ጸልዮ ስለ ልጆቹ አለመጸለዩ ታወሰው። ሙት ልጆች በከተማው ሞልተዋልና ልመና የማያስፈልገው መስሎት ነበር። በዚያች ምሽት በፊቱ ተዋርዶ ለመነ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ።

እኛስ የትኛውን ነው ያልጸለይንበት? አብዛኛውን ጊዜ ያልጸለይንበት ነገር «ይህስ በእጄ ነው» ያልነው ነው። በሽታ ሲመጣ እንጾማለን፤ ደመወዝ በወቅቱ ሲገባ ግን ማን እንዳስገባው እንረሳለን።

ጥሪው የዘገየበት ዓመት

ማሳደጊያው ከተከፈተ በኋላ የችግር ዓመታት መጡ። ከ1838 ጀምሮ ለነገ የሚሆን ነገር የሌለባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ። ሙለር ዕዳ ውስጥ መግባት አልፈለገም፤ ያልከፈሉበትን እንጀራ አይገዙም ነበር። ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ያዋጡ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ገንዘቡ አልቆ ዕቃ እስከ መሸጥ ሲያስቡ፣ ከለንደን የመጣች አንዲት ሴት የተላከ ገንዘብ አመጣች። ያን ገንዘብ ይዛ ለቀናት ያረፈችው ከማሳደጊያው አጠገብ ነበር። እኛ ብንሆን «ታዲያ ለምን አልሰጠሽንም?» እንል ነበር። ሙለር ግን ደስ አለው። ገንዘቡ ያን ያህል ቀርቦ መቆየቱ እግዚአብሔር ከመጀመሪያው ሊሰጣቸው አስቦ፣ ግን እስኪለምኑት ድረስ እንዳዘገየው አሳየው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በ1841 መጨረሻ የሆነው ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ አካባቢ ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ ሥራው ዘገባ ይሰማ ነበር። ዘገባው ትክክለኛ ነበር፤ የገባውና የወጣው ሁሉ ተጽፎ ይታተማል። በዚያ ዓመት ግን ካዝናው ባዶ ነበር። ዘገባው ቢቀርብ ሰዎች አዝነው ይሰጣሉ። ማንም «ለመነ» አይለውም፤ ወቅቱ ነውና። ሙለርና ባልደረቦቹ ግን ጉባኤውን አዘገዩት። ሰው ችግራቸውን ሰምቶ እንዳይሰጥ፣ የሰጠ ቢኖር እግዚአብሔር አሳስቦት እንዲሰጥ ፈለጉ። ጉባኤው ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ከሁሉ የከበዱ ነበሩ፤ አንዳንድ ቀን የምሳው ገንዘብ የሚገኘው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ልጆቹ ግን ጾማቸውን አላደሩም።

ተቺዎች «ዘገባ ማሳተሙ ራሱ ልመና ነው» ይሉት ነበር። ምናልባት እኛም እንዲህ ብለን እንከራከር ይሆናል። ግን በችግር ጊዜ ዘገባን ወደ ኋላ የሚገፋ ለማኝ ማን አይቷል? እኛ በችግር ጊዜ ማስታወቂያውን እናስቀድማለን። ያች እናት የጠየቁን ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ማንን እንደምንታመን የሚታወቀው ሰውን በቀላሉ መቀስቀስ በምንችልበት ሰዓት በምናደርገው ነው።

ግንበኛና ነፋስ

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲህ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ» ይላሉ። ሙለር እንዲህ አልኖረም። በ1849 በአሽሊ ዳውን ኮረብታ ላይ 300 ልጆች የሚይዝ ትልቅ ቤት ተከፍቶ ነበር። በ1857 ኅዳር ማብቂያ የዚያ ቤት ማሞቂያ ቦይለር አፈሰሰ። ለመጠገን እሳቱን ማጥፋትና በዙሪያው የተገነባውን ጡብ ማፍረስ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ግን ብርድ ነው፤ ልጆቹም ትናንሾች ነበሩ። ሙለር ሠራተኞች ቀጠረ፤ ቀኑንም ወሰነ። ከዚያ ሁለት ነገር ለመነ፤ አንደኛው የሰሜኑ ነፋስ ወደ ደቡብ እንዲዞር፣ ሁለተኛው በነህምያ ዘመን እንደ ነበረው ሠራተኞቹ ለሥራ ልባቸው እንዲነሣ። ከቀኑ በፊት ብርዱ እንደ በረታ ነበር፤ በተወሰነው ቀን ግን ነፋሱ ደቡባዊ ሆነ፤ እሳት እስከማያስፈልግ ድረስ አየሩ ለዘበ። ሠራተኞቹም ማታ ወደ ቤታቸው ከመሄድ ይልቅ ሌሊቱን እንሥራ አሉ።

ሙለር ስለ ነፋስ ስለ ጸለየ ግንበኛ መጥራቱን አልተወም፤ ግንበኛ ስለ ጠራም መጸለዩን አልተወም። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ሥራውን ይሠራል፤ መልካም ሲሆንለት ግን ምስጋናውን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል።

ልጁ ሲሞት

አንድ ነገር ሸሽገን ብናልፍ ግን ታማኞች አንሆንም። በ1835፣ ገና ማሳደጊያው ሳይከፈት፣ ሙለርና ሜሪ ኤልያስ የተባለውን ትንሽ ልጃቸውን ቀበሩ። ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር ዕድሜው። ከ10,000 በላይ የሰው ልጆችን ያሳደገ አባት የራሱን ወንድ ልጅ ቀብሯል። በ1870 ሜሪ ስትሞትም በቀብሯ ላይ የሰበከው እርሱ ራሱ ነው፤ ከመዝሙር 119፥68 ተነሥቶ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ሰበከ።

ስለዚህ «እመን፣ የጠየቅኸው ሁሉ ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ትምህርት የሙለርን ስም አይጥራ። ሙለር የታመነው በመልሱ ሳይሆን በአባቱ ነው። መልሱ ሲመጣ አመሰገነ፤ ሳይመጣ ሲቀርም አባቱን አልለወጠም።

ወደ ቤታችን

ወገኖች ሆይ፣ ችግርን ለሰው መናገር ኃጢአት ነው አንልም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ አሰባስቧል፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 9 በግልጥ ጠይቋል። ሸክማችንን እርስ በርስ እንድንሸከምም ታዘናል። በግልጥ መጠየቅ ሐቀኝነት ነው። እኛ ያደረግነው ግን ግልጥ ልመና አልነበረም፤ ወደ እግዚአብሔር እየተናገርን ሰው እንዲሰማን አደረግን፤ ከዚያም የእምነት ምስክርነት አደረግነው። በአንድ እሑድ ሁለቱንም በደልን፤ ወንድማችንን በተዘዋዋሪ ያዝነው፤ የጌታንም ስም መጠቀሚያ አደረግነው።

በኋላ ያንን ወንድም ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። «መጋቢ፣ እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ግን በሕዝብ ፊት እንቢ ማለት አፈርኩ» አለን። እንግዲህ «እግዚአብሔር መለሰ» ብለን ያወጅነው ስጦታ ከእፍረት የወጣ ነበር። ይህን ከሰማን በኋላ በአጥቢያችን ልማድ አደረግነው፤ የጎደለ ነገር ሲኖር ሽማግሌዎች በር ዘግተን መጀመሪያ በጉልበታችን እንሆናለን፤ ለጉባኤው መናገር ካስፈለገም ዓይናችንን ከፍተን እንናገራለን እንጂ በጸሎት ስም አንናገርም።

እናንተም በዚህ ሳምንት ይህን ሞክሩ። አንድ የጎደላችሁን ነገር ውሰዱ፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የሥራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት፣ ለዘመድ ከመንገራችሁ በፊት፣ በማቴዎስ 6 ጌታ እንዳስተማረን በር ዘግታችሁ ለአባታችሁ ንገሩት። ከዚያ ልትሠሩት የሚገባችሁን ሥሩ። የመጣውንም፣ የቀረውንም በደብተር ጻፉት።

ሙለር በ1898 በ92 ዓመቱ ወደ ጌታው ሄደ። ያች በር ላይ የጠበቁን እናትም ዛሬ በጌታ ዘንድ ናቸው። ጥያቄያቸው ግን አሁንም በአዳራሻችን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

አባት ሆይ፣ ከሰው ፊት ወደ አንተ ፊት መልሰን። የዕለት እንጀራችንን ከእጅህ እንድንቀበል አስተምረን። አሜን።