ሳይቀልጥ የሚያያዝ ብር፦ ስለ አንድ ማጣበቂያ የዘር ሐረግ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ እርሱም የብር ናኖ ቅንጣት ፔስት ከየትኛው ሳይንስ ተወለደ የሚል ነው።

ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህ ፔስት ግን በሴሚኮንዳክተር ቁራጭና በብር በተለበጠ ንጣፍ መካከል ተቀብቶ በ250 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ሁለቱን አጥብቆ ያያይዛል። በእርሳስ ቅይጥ የተያያዘ ዕቃ መልሶ የሚላቀቀው በተያያዘበት ሙቀት ነው፤ የብሩ መጋጠሚያ ግን ከተሠራበት እጅግ የላቀ ሙቀት ይችላል።

በተለምዶ የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ እ.ኤ.አ. በ1909 ፓቭሎቭ ትናንሽ ቅንጣቶች ከትልቁ አካል ባነሰ ሙቀት እንደሚቀልጡ አስረዳ፤ በ1954 ታካጊ ይህንኑ በስስ የእርሳስ፣ የቲንና የቢስሙዝ ንጣፎች ላይ አየ፤ በ1976 ቡፋና ቦሬል በወርቅ ቅንጣቶች ላይ ለኩት፤ ስለዚህ የብሩ ቅንጣት በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጦ ያጣብቃል። ዓመታቱ እውነት ናቸው፤ ድምዳሜው ግን ከእነርሱ አይከተልም። የመቅለጫው ነጥብ በብርቱ የሚያሽቆለቁለው ከ5 ናኖሜትር ገደማ በታች ነው። የፔስቱ ቅንጣቶች በአብዛኛው በአሥሮች ናኖሜትር የሚለኩ ስለሆኑ በ250 ዲግሪ አይቀልጡም።

እኔ የምከራከርለት የዘር ሐረግ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኩቺንስኪ የመዳብና የብር እንክብሎችን በየዓይነታቸው ሰሌዳ ላይ አድርጎ ከመቅለጫቸው በታች አሞቀ፤ በመገናኛቸውም አንገት የመሰለ ድልድይ ሲያድግ ለካ። አቶሞቹ የተጓዙት በጠጣሩ አካል ውስጥ ነበር። ይህ ሂደት ሲንተሪንግ ይባላል፤ የገንቦ አፈር በእሳት ሳይፈስ መጠንከሩም የዚሁ ዘመድ ነው።

በ1980ዎቹ በጀርመን ሲመንስ ውስጥ ሽቫርትስባወርና ኩነርት ይህን መርሕ ለኃይል ኤሌክትሮኒክስ አዋሉት። የብር ብናኛቸው በማይክሮን የሚለካ ስለነበረ ወደ 40 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ጫና አስፈለጋቸው፤ እንዲህ ያለው ጫና ደግሞ ስስ ቁራጭን ሊሰነጥቅ ይችላል። በ2000ዎቹ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲና በቨርጂኒያ ቴክ የተካሄዱት ጥናቶች ያመጡት ለውጥ ጫናውን በቅንጣቱ ትንሽነት መቀነስ ወይም መተካት ነው። ቅንጣት ባነሰ ቁጥር የገጽታው ስፋት ከክብደቱ አንጻር ይበዛል፤ ገጽታውን ለማጥበብ ያለው ዝንባሌ የመጫኛውን ማሽን ሥራ ይሠራል።

ይኸው ዝንባሌ ግን ቅንጣቶቹን ያለ ጊዜያቸው ያጓጉላቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በኦርጋኒክ ሽፋን ይጠበቃሉ፤ ሽፋኑ በሙቀት ካልተወገደ ብር ከብር አይገናኝም። የሥራውን ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚወስነውም ከብሩ ይልቅ ይህ ሽፋን ነው።

ክርክሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ሲገድብ፣ 85 በመቶና ከዚያ በላይ እርሳስ ያለበትን ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቅይጥ ነፃ አድርጎታል፤ አጥጋቢ ምትክ አልነበረውምና። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሚያገለግለው ሲሊከን ካርባይድም ሙቀት የሚችል መጋጠሚያ ይሻል። የመቅለጥን ታሪክ ያመነ ተመራማሪ ይበልጥ ያነሰ ቅንጣት ብቻ ሲፈልግ ይኖራል። የአንገቱን ታሪክ የተረዳ ግን ስለ ሽፋኑ አወጋገድ፣ ስለሚቀሩት ቀዳዳዎችና ስለ ድልድዩ ውፍረት ይጠይቃል። ለእርሳስ ምትክ የሚገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች ይመስለኛል።