ፊደላችን ጥላና ወርቅ እስኪለብስ

በስቶክሆልም የቴንስታ የምድር ባቡር ጣቢያ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ባቡሩ ሰፈሩ የደረሰው ነሐሴ 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሠዓሊዋ ሄልጋ ሄንሼን ግድግዳውን በእንስሳትና በአበባ ሞልታ ሥራዋን ለስደተኞች የተሰጠ ጽጌረዳ ብላዋለች። የእኅትማማችነትና የወንድማማችነት ቃልም በ18 ቋንቋ ተጽፎበታል።

ቃልና ሥዕልን ማዋሐድ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ጸሐፊዎቻችን በገጹ ራስ ላይ ሐረግ እየሳሉ፣ ቅዱስ ስምን በቀይ ቀለም እየጻፉ ኖረዋል። ዛሬ በስደት ያለው ሐበሻ የሠርግ ጥሪውን፣ የክርስትና ባነሩንና የኮንሰርት ፖስተሩን የሚያሳምረው በኮምፒውተር ነው። ፊደሉ ወርቅ ይቀባል፣ ጥላ ይጣልበታል፣ በሆዱ ውስጥ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ይገባል።

መሣሪያው ፎቶሾፕ ነው። ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የሠሩትን ፕሮግራም አዶቢ በየካቲት 1990 ለገበያ አቀረበው። በ1994 ሦስተኛው እትም ላየር፣ ማለትም ተደራራቢ ገጽ አመጣ። እስከ 1998ቱ አምስተኛ እትም ድረስ ግን የተጻፈ ቃል ወዲያው ወደ ሥዕል ነጥብ ስለሚለወጥ፣ አንድ ፊደል የተሳሳተ ሰው እንደገና ይጽፍ ነበር። ጥላውም በእጅ ነበር፤ ፊደሉን መቅዳት፣ ማጥቆር፣ ማደብዘዝ፣ ከዚያ ወደ ታች ገፋ ማድረግ።

የእኛ ፊደል ግን ከዚያም በፊት ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ነበረበት። ማን ቀድሞ አስገባው? ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። አንዱ ወገን በኮሎራዶ የሚኖሩትን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ኣበራ ሞላን ያነሣል። ሞድኢት የተባለውን ፕሮግራም ሠርተዋል፤ በፊደል አጻጻፍ ዘዴያቸውም የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። ሌላው ወገን በ1980ዎቹ ዳሸን የተባለውን የግዕዝ መጻፊያ ያወጡትን አቶ ፍስሐ አጥላውን ይጠራል። የዶክተሩ ድካም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም አቶ ፍስሐ ስማቸው ግዕዝ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ እንዲገባ ከለፉት ጋር አብሮ ይነሣል። ለግራፊክስ ባለሙያ ደግሞ ወሳኙ ያ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የቀድሞው ፎንት የላቲኑን ቦታ እየተዋሰ የሚሠራ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነ የእኛ ፊደላት ለሁለትና ከዚያ በላይ ፋይሎች ይከፈሉ ነበር። አንድ ቃል ለመጨረስ በመካከሉ ፎንት መቀየር ያስፈልግ ነበር። ያው ፎንት የሌለው ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የላቲን ምልክት ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ቦታ ሰጠና ይህ ችግር መወገድ ጀመረ።

ውበቱ ላይ ግን የቀረ ነገር አለ፤ እኔንም አጥብቆ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። «ቤት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ከዚያ ስትሮክ በተባለው የፎቶሾፕ ማስዋቢያ ወፍራም የወርቅ ጠርዝ ከውጭ አዙሩበት። የ«ቤ» ቀለበት ውስጥም ወርቁ ይገባና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ከሩቅ ለሚያየው «ቢት» ሆኗል። ማስዋቢያው ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለሆነ የቀለበታችንን ጥበት አያውቅም። በማኅበረሰቡ አዳራሽ በሚሰቀል ባነር ላይ አናባቢ ሲጠፋ የሙሽራ ስም ሌላ ስም ይሆናል።

አሁን ፖስተር በስልክም ይሠራል፤ ወርቁም ጥላውም በአንድ ንክኪ ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ነፃ ፎንት ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ 9 ውፍረት አለው፤ በወፍራሙ ላይ ቀለበቱ የተሣለው በፊደል ነዳፊ እጅ ነው። ስለዚህ ስሙ እንዲወፍር የፈለገ ባለሙያ መጀመሪያ ወፍራሙን ፎንት ይምረጥ፤ ወርቁን በፊደሉ ሆድ ይሙላ፣ ጠርዙን ቀጭን ያድርግ። ወደ ማተሚያ ከመላኩ በፊትም የሙሽራዋ ቤተሰብ ከአዳራሹ ማዶ ቆመው ስሟን ጮክ ብለው ያንብቡለት።